ቀይ ዘይት የሚያንጠባጥብ የኦቶማቲክ ካምቢዮ ቱቦ አጠጋገን

በየሳምንቱ ማለት ይቻላል አንድ ፎቶ በቴሌግራም ይደርሰኛል። መሬት ላይ የፈሰሰ ቀይ ነጠብጣብ ነው። ከሥሩ የሚጻፈው ጥያቄም ያው ነው፤ «ይሄ ምንድነው? እስከ ባሕር ዳር ያደርሰኛል?» ደብረ ማርቆስ ቁጭ ብዬ ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ከማስረዳ አንዴ በደንብ ልጻፈው።

የምናወራው ስለቆየ ኦቶማቲክ መኪና ነው። የድሮ ፕራዶ፣ ሰርፍ፣ ራቭ ፎር፣ ኦቶማቲክ ኮሮላ እና የመሳሰሉት። ኦቶማቲክ ካምቢዮ ሲሠራ ዘይቱ በጣም ይሞቃል። ስለዚህ ካምቢዮው ውስጥ ያለው ፖምፓ ዘይቱን በአንድ ቱቦ ወደ ራዲያተር ይገፋዋል፣ ዘይቱ ራዲያተሩ ውስጥ በተቀበረች ትንሽ ማቀዝቀዣ አልፎ በሌላ ቱቦ ይመለሳል። ሁለቱም ቱቦዎች አብዛኛው አካላቸው ብረት ነው፣ ጫፋቸው ላይ ደግሞ አጭር ጎማ አላቸው። ጎማው ከዓመታት ሙቀት በኋላ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ፋሼታው (ጎማውን ብረቱ ላይ ጨምቆ የሚያስረው ቀለበት) ይላላል። ብረቱም ጭቃ የሚያቁርበት ቦታ ላይ ይዝጋል።

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ዘይቱ በፖምፓ ተገፍቶ ነው የሚሄደው። ዛሬ ጠብ ጠብ የምትል ስንጥቅ ነገ ዳገት ላይ ከተቀደደች በደቂቃዎች ውስጥ ብዙ ሊትር ታፈሳለች። ዘይት ያነሰው ካምቢዮ መጀመሪያ ይንሸራተታል፣ ሞተሩ ይጮኻል መኪናው ግን አይሄድም፣ ከዚያ የውስጡ ፍሪሲዮን (እየተያያዙ የሞተሩን ኃይል የሚያስተላልፉት ዲስኮች) ይቃጠላል። የግማሽ ሜትር ጎማ ችግር ካምቢዮ አስወርዶ ያስቀይራል።

መጀመሪያ፦ እውነት የካምቢዮ ዘይት ነው?

ቀይ የሆነ ሁሉ የካምቢዮ ዘይት አይደለም። የቶዮታ ኩላንትም ቀይ ወይም ሮዝ ነው። የመሪ ዘይትም በብዙ መኪኖች ላይ ያው ቀዩ ዘይት ነው። መራዊና ዳንግላ አካባቢ የምትነዳ ከሆነ ደግሞ ሌላ ችግር አለብህ፤ ቀዩ አፈር ከመኪናው ሥር ተለጥፎ የፈሰሰውን ዘይት ይሸፍነዋል፣ ዘይት የጠጣ ጭቃና ርጥብ ጭቃ በዓይን አይለዩም።

መለያው ቀላል ነው። ማታ ከመኪናው ሥር ንጹሕ ካርቶን አንጥፍ። ጠዋት ከነጠብጣቡ በጣትህ ነክተህ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አስገባው። ላዩ ላይ ከተንሳፈፈ ዘይት ነው። ከውሃው ጋር ከተቀላቀለ ኩላንት ነው፣ ይሄ ጽሑፍም አይመለከትህም። ዘይት ከሆነ የመሪውን ዘይት ማጠራቀሚያ ክፈትና እይ። እሱ ካልቀነሰና ነጠብጣቡ ከራዲያተሩ ሥር ወይም ከሞተሩ ጎን ከሆነ የካምቢዮው ቱቦ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

ከዚህ በፊት ግን የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ ሳብና ቀለሙን ተመልከት። ዘይቱ ከወተት ጋር የተመታ የፓፓያ ጁስ ከመሰለ አቁም። መኪናውን አታስነሳው። ይህ ማለት ራዲያተሩ ውስጥ ያለችው ማቀዝቀዣ ተሰንጥቃ ኩላንትና ዘይት ተቀላቅለዋል ማለት ነው። ቱቦ በመቀየር አይድንም። ራዲያተር መቀየር፣ ካምቢዮውም መታጠብ አለበት፤ ውሃ የካምቢዮውን የፍሪሲዮን ሽፋን ከብረቱ ስለሚያላቅቀው በየደቂቃው ጉዳቱ ይብሳል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ክሪክ፣ ቢያንስ 2 ጠንካራ ካቫሌቶ (የተነሣውን መኪና የሚሸከም የብረት መቆሚያ)፣ ለጎማ የሚሆን ታኮ
- ለቱቦ ዳዶ የተሠራ ቁልፍ (አፉ በአንድ በኩል ብቻ የተከፈተ፣ ዳዶውን ከብዙ ጎን የሚይዝ) እና አንድ ተራ ቁልፍ
- ካቻቪቴ፣ ፒንሳ
- ለካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ የተሠራ ጎማ ቱቦ
- አዲስ ፋሼታ፣ ለእያንዳንዱ የጎማ ጫፍ አንድ፣ ሁለት ትርፍ ጨምር
- የቱቦ መቁረጫ (ትንሿ፣ ዙሪያውን እየዞረች የምትቆርጠው) እና የፍሬን ቱቦ አፍ ማስፊያ። ይሄ ብረቱ ከተበላ ብቻ ነው የሚያስፈልገው፣ መከራየትም ትችላለህ
- ሞረድ፣ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት
- ለመኪናህ የተፈቀደው ዓይነት የካምቢዮ ዘይት፣ 2 ሊትር ያህል
- አንገቱ ቀጭንና ረጅም የሆነ ማንቆርቆሪያ ወይም እምቡቶ
- የሚፈሰውን መቀበያ ሳፋ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ጓንት፣ የዓይን መነጽር
- ነጭ ጋዝ ወይም ኦሞ በውሃ፣ ብሩሽ
- ስስ ፌስታልና ላስቲክ፣ የተከፈቱ አፎችን ለመሸፈን

ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ሁለቱ ላይ አንድ ብር እንኳ ለማዳን አትሞክር፤ ጎማው ላይና ዘይቱ ላይ።

ስለ ጎማው። ሱቅ ሄደህ «የካምቢዮ ጎማ ስጠኝ» ስትል ብዙ ጊዜ የሚሰጥህ የቤንዚን ጎማ ነው። መልኩ አንድ ነው፣ ጥቁር ነው፣ ውፍረቱም ተቀራራቢ ነው። ላዩ ላይ የተጻፈውን አንብብ። ለካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ የተሠራው ጎማ ላይ «ኤስኤኢ ጄ1532» የሚለው የላቲን ጽሑፍ ይኖራል፣ ወይም ለትራንስሚሽን ዘይት መሆኑን ይናገራል። የራዲያተር ወይም የሂተር ጎማ ደግሞ ጨርሶ አይሆንም። እሱ የተሠራው ለውሃ ነው፤ ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል።

ባለፈው ክረምት አንድ የቢቸና ሰው ፕራዶ አመጣልኝ። ከአዲስ አበባ ሲመለስ አባይን ወጥቶ ደጀን ሊገባ ትንሽ ሲቀረው ነው ዘይቱን የዘረገፈው። ከወር በፊት አንድ ቦታ ጎማ ቀይረውለታል። ፈትቼ ያዝኩት። ላዩ ደህና ነው፣ አዲስ ይመስላል። በአውራ ጣቴ ስጫነው ግን ሰረጎደ፣ አልተመለሰም። ጫፉን ስቆርጠው የውስጡ ግድግዳ እንደ ሊጥ ሆኗል፣ ከፋሼታው ሥር ተንሸራቶ ወጥቷል። የውሃ ጎማ ነበር።

ውፍረቱን በዓይን አትገምት። የብረት ቱቦው የውጭ ስፋትና የጎማው የውስጥ ስፋት እኩል መሆን አለበት። ብዙ ጊዜ 8 ወይም 10 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። አሮጌውን ጎማ ቆርጠህ ይዘህ ሂድ። እዚህ ካጣህ ባሕር ዳር ጠይቅ፣ ሙሉውን የብረት ቱቦ ከፈለግክ ደግሞ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ከተፈታ መኪና ላይ ይገኛል።

ስለ ዘይቱ። የቆዩ ቶዮታዎች ዴክስሮን ይጠቀማሉ፣ ቀጥለው የመጡት ታይፕ ቲ-4፣ አዳዲሶቹ ደግሞ ደብሊው ኤስ። ብዙ ጊዜ የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ተቀርጾ ታገኘዋለህ። ጠርገህ በብርሃን አንብበው። ቀይ ስለሆነ ብቻ አንዱን ባንዱ ላይ አትጨምር፤ ፍሪሲዮኑ የሚይዝበትን ሁኔታ ይለውጠዋል፣ ማርሽ ሲቀይር መንገጭገጭ ወይም መንሸራተት ይጀምራል። እንደ ቪትዝ ያሉ ሲቪቲ ካምቢዮ ያላቸው መኪኖች የራሳቸው ሌላ ዘይት አላቸው።

ማስጠንቀቂያ፣ ሳትዘለው አንብብ

ትኩስ የካምቢዮ ዘይት ቆዳ ይልጣል። ካቆምክ በኋላ ቢያንስ 1 ሰዓት ጠብቅ፣ ከአባይ በረሃ ወጥተህ ከሆነ 2 ሰዓት።

በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር አትግባ። ድንጋይ ደርድረህም አትግባ። ድንጋይ ይሰነጠቃል፣ ክሪክ ይለቃል።

ትኩስ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ላይ የሚንጠባጠብ ዘይት ይነዳል። ጭስ ካየህ ወይም የተቃጠለ ዘይት ከሸተተህ ወዲያውኑ ሞተር አጥፋ። ዘይት ያለበትን ቱቦ ደግሞ በምንም ዓይነት በያጅ ጋ አትውሰድ።

አሠራሩ

1. መኪናውን ሜዳ ላይ አቁም። ማርሹን ፒ ላይ አድርግ፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ የኋላ ጎማዎች ላይ ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርግ። ፊቱን በክሪክ አንሣና ካቫሌቶ ላይ አስቀምጠው። በእጅህ ገፋ ገፋ አድርገህ እንደማይነቃነቅ አረጋግጥ። ከሥር የብረት መከላከያ ካለ ፍታው።

2. እጠበው። ብዙ ሰው ይህንን ይዘለዋል፣ ከዚያ የተሳሳተ ቦታ ጠግኖ ይመለሳል። ቱቦዎቹን ከራዲያተሩ እስከ ካምቢዮው ድረስ በብሩሽና በነጭ ጋዝ ወይም በኦሞ እጠብ፣ በጨርቅ አድርቅ። ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ የሚያፈስበትን ቦታ ታየዋለህ። ሁለተኛ ቱቦውን ስትፈታ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት እንኳ ውስጥ ከገባች ካምቢዮው ውስጥ ያሉት ጠባብ የዘይት መንገዶች ላይ ትቀረቀራለች። በነገራችን ላይ እግረ መንገድህን የራዲያተሩን ፊት እይ። በአጨዳና በውቂያ ሰሞን ጭድና ብናኝ ይሞላዋል፣ የተደፈነ ራዲያተር ደግሞ ዘይቱን ስለማያቀዘቅዝ አዲሱን ጎማህን ቶሎ ያደርቀዋል።

3. የሚያፈስበትን ነጥብ ፈልግ። የደረቀው ቱቦ ላይ የሕፃን ፓውደር ነስንስ። ሞተር አስነሣ፣ 10 ደቂቃ ያህል ይሥራ። የፍሬን ፔዳሉን በደንብ የረገጠ ሰው መሪው ላይ ይቀመጥና ማርሹን አር፣ ኤን፣ ዲ እያደረገ እያንዳንዱ ላይ ጥቂት ሰከንድ ይቆይ። በዚህ ጊዜ አንተ ከመኪናው ሥርም ከፊቱም አትሁን፣ ከጎን ሆነህ በባትሪ እይ። ከዚያ ማርሹ ፒ ይግባ፣ ሞተር ይጥፋ፣ ቀርበህ ተመልከት።

ነጠብጣቡ የሚወድቅበት ቦታ የሚያፈስበት ቦታ ላይሆን ይችላል። ዘይት ቱቦውን ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል፣ ስትነዳ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ፓውደሩ ከረጠበባቸው ቦታዎች ውስጥ ከፍ ያለውንና ወደ ፊት የቀረበውን ፈልግ። ጥርጣሬ ያለበትን ቦታ በጨርቅ ጠርገህ ዝም ብለህ አንድ ሁለት ደቂቃ ተመልከተው። ከፋሼታው ጠርዝ ቀስ እያለች የምትወፍር ጠብታ ታያለህ፣ ትንጠለጠላለች፣ ትወድቃለች፣ ሌላዋ ትተካለች። አገኘኸው።

ብረቱ ላይ ከሆነ ቱቦው በማሰሪያ የተያዘበትን ቦታ ቅድሚያ እይ። ጭቃ በማሰሪያውና በቱቦው መካከል ተወትፎ ክረምቱን ሙሉ ርጥብ ሆኖ ይከርማል፣ ብረቱን የሚበላው እዚያ ነው። በጥፍርህ ወይም በካቻቪቴ ጫፍ ፋቅ ፋቅ አድርገው። ዝገቱ ቅርፊት እየሆነ ከተነሣ ያ ቱቦ ዛሬ ባያፈስም አልቋል።

4. የትኛው ጥገና እንደሚያስፈልግህ ወስን።

ጎማው ወይም ፋሼታው ከሆነ ጎማውን ቀይር፤ ወደ ቁጥር 7 ሂድ። ብረቱ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከተበላ ቆርጠህ በጎማ ማገናኘት ትችላለህ፤ ቁጥር 8። ከሁለት ቦታ በላይ ከተበላ ወይም የተበላው ከማርሚታው አጠገብ ከሆነ ሙሉውን ቱቦ ቀይር። ራዲያተሩ ላይ ያለው ዳዶ ከሆነ ቁጥር 9።

5. ከመፍታትህ በፊት ፎቶ አንሣ። የቱ ቱቦ ከላይ፣ የቱ ከታች እንደሚገባ በኋላ ይጠፋሃል። ሳፋውን ከሥር አድርግ። ከዚያ ፋሼታውን አላላ። አሮጌው ጎማ ብረቱ ላይ ተጣብቆ እንቢ ካለ በኃይል አትጠምዝዘው። ሊታጠፍ ወይም ሊሰነጠቅ የሚችለው ብረቱ ነው። ጎማውን በምላጭ ርዝመቱን ተከትለህ በጥንቃቄ ሰንጥቀውና ላጠው። ምላጩ ብረቱን እንዳይጭረው ተጠንቀቅ፤ ጭረት ካለ አዲሱ ጎማ ሥር ዘይት መንገድ ያገኛል። ከግማሽ እስከ 1 ሊትር ዘይት ሊፈስ ይችላል። የፈሰሰውን ለካ፣ በኋላ ምን ያህል እንደምትመልስ ታውቃለህ።

6. የተከፈቱትን አፎች ወዲያውኑ ሸፍን። ፌስታል አድርገህ በላስቲክ እሰር። ምሳ ለመብላት ብትሄድ እንኳ።

7. ጎማውን ቀይር። የብረቱን ጫፍ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን አጽዳ፣ ብናኙ ውስጥ እንዳይገባ አፉን በጨርቅ ወትፈህ። ወረቀቱን ወደ ዙሪያው እንጂ በርዝመቱ አትሳበው፣ በርዝመት የተጫረ መስመር ለዘይት ቦይ ይሆናል። ጨርሰህ ስትጠርግ የወተፍከውን ጨርቅ ማውጣት አትርሳ፤ እዚያ የቀረ ጨርቅ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ይዘጋል።

ጫፉ አካባቢ ትንሽ እብጠት እንዳለ ታያለህ፣ ቱቦው ዙሪያ ቀለበት ያጠለቀ ይመስላል። ጎማው በግፊት እንዳይወጣ የሚያደርገው እሱ ነው፣ ፋሼታው ብቻውን አይደለም።

አዲሱን ጎማ በስለታም ምላጭ ቀጥ አድርገህ ቁረጥ። ርዝመቱ ከአሮጌው ጋር እኩል ይሁን፣ ወይም ትንሽ ይርዘም። ሞተር ሱፖርቶው (የተቀመጠበት የጎማ መያዣ) ላይ ስለሚወዛወዝ ጎማው ተወጥሮ መቆም የለበትም። ፋሼታዎቹን አስቀድመህ ጎማው ላይ አጥልቅ። የጎማውን ውስጥ በንጹሕ የካምቢዮ ዘይት ቀባ አድርግ፣ ከዚያ እያሽከረከርክ አስገባ። ሳሙና ወይም ግሪስ አትጠቀም፣ ወደ ካምቢዮው ይገባል። ጎማው እብጠቱን አልፎ ቢያንስ 3 ሳንቲ ሜትር ብረቱ ላይ መግባት አለበት።

ፋሼታው የሚቀመጠው ከእብጠቱ ወዲህ፣ ማለትም ቱቦው ወደሚመጣበት በኩል ነው። እብጠቱ ላይ ከሆነ ያዘነብላል፣ ከእብጠቱ ወዲያ ጫፉ ላይ ከሆነ ደግሞ ምንም አይዝም። እስኪይዝ አጥብቅ፣ ጎማው በፋሼታው ቀዳዳዎች ማበጥ ከጀመረ አልፈሃል። ከመጠን በላይ የጠበቀ ፋሼታ ጎማውን ቀስ በቀስ ይቆርጠዋል። ጠርዙ ለስላሳ የሆነና ዙሪያውን እኩል የሚጨምቅ ዓይነት ካገኘህ እሱ ይመረጣል።

አንዱ ጎማ ካለቀ ሌሎቹም እኩል ዕድሜ አላቸው። ሁሉንም ባንዴ ቀይር።

8. ብረቱ ከተበላ። የተበላውን ክፍል ከግራም ከቀኝም ጤነኛ ብረት እስክታገኝ ድረስ ቁረጥ። በተቻለህ በቱቦ መቁረጫ። በብረት መጋዝ ከቆረጥክ ጥራጊው ውስጥ ይገባል፤ ሌላ ምርጫ ከሌለህ ቱቦውን ሙሉ በሙሉ ፈትተህ አውጣው፣ ቁረጠው፣ ከዚያ በነጭ ጋዝ አጥበህ በአየር አስነፋው። በመኪናው ላይ እንዳለ በመጋዝ አትቁረጥ። የተቆረጠውን አፍ በሞረድ ከውስጥም ከውጭም አለስልስ።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። የቆረጥከው ጫፍ ልሙጥ ነው፣ ያ እብጠት የለውም። ልሙጥ ብረት ላይ ጎማ አስገብተህ በፋሼታ ብታስር ቆሞ ሲሠራ አያፈስም፣ አንተም ደስ ብሎህ ትሄዳለህ። ጠዋት ብርድ ላይ ዘይቱ ወፍሮ ግፊቱ ሲጨምር ወይም ዳገት ላይ ግሎ ጎማው ሲለሰልስ ግን ተንሸራቶ ይወጣል። ስለዚህ የፍሬን ቱቦ አፍ ማስፊያውን ተጠቀም። የፍሬን ቱቦ ሲሰፋ ሁለት ደረጃ አለው፤ መጀመሪያ ጫፉ ያብጣል፣ ቀጥሎ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። አንተ የመጀመሪያውን ብቻ ሠርተህ አቁም። እብጠቱ ዙሪያውን እኩል መሆኑንና እንዳልተሰነጠቀ እይ። መሣሪያው ከሌለህ የተቆረጠውን ቱቦ ይዘህ የፍሬን ቱቦ የሚሠራ ጋራዥ ሂድ፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ከዚያ እንደ ቁጥር 7 ጎማ አስገባበት። በመካከል የሚገባው ጎማ አጭር ይሁን፤ 10 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ሁለቱ የብረት ጫፎች ጎማው ውስጥ ተቀራርበው ይቁሙ።

የመዳብ ቱቦ ብንጠቀምስ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። አይሆንም። ለመታጠፍ ይመቻል፣ ግን በንዝረት እየደነደነ ሄዶ ይሰነጠቃል። ለቤት ውሃ መስመር የተሠራ የነሐስ ማገናኛም እንደዚሁ፤ የተሠራው ለማይንቀሳቀስ ቱቦ ነው።

9. ራዲያተሩ ላይ ያለው ዳዶ ካፈሰሰ። እዚህ ሁልጊዜ በሁለት ቁልፍ ሥራ። በአንዱ ራዲያተሩ ላይ ያለውን ማገናኛ ያዝ፣ በሌላው የቱቦውን ዳዶ አዙር። ማገናኛውን ሳትይዝ ብታዞር ራዲያተሩ ውስጥ ያለችው ማቀዝቀዣ ትጠመዘዛለች፣ ከዚያ ያ የፓፓያ ጁስ ይመጣል። ዳዶው ከዛገ ዝገት ማላቀቂያ ርጭት አድርገህ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ። እሳት አታስጠጋ። ፈትተህ የቱቦውን አፍ እይ፤ ከተሰነጠቀ ወይም ከተጫረ ማጥበቅ አያድነውም፣ መቀየር አለበት። ስትመልሰው መጀመሪያ በእጅህ ብዙ ጥርስ አስገባ፣ እስኪቆም ድረስ። ከዚያ በቁልፍ አጥብቅ። ገና ከመጀመሪያው በቁልፍ የጀመረ ሰው ጥርሱን አጣሞ ያስገባዋል።

10. ቱቦውን በቦታው እሰረው። ማሰሪያዎቹን ሁሉ መልስ። ቱቦ ከቻሲው ጋር እየተፋጨ ከሆነ በጥቂት ወራት ይበሳል። በማሰሪያውና በብረቱ መካከል ቁራጭ ጎማ አድርግ። ጎማው ከማርሚታው ቢያንስ አራት ጣት ይራቅ፣ የትም ቦታ ላይ ተሰብሮ አይታጠፍ።

11. ዘይት ጨምርና ለካ። የፈሰሰውን ያህል በመለኪያው ጉሮሮ በኩል አስገባ። ሞተር አስነሣ። አየር ለማስወጣት የተለየ ሥራ የለም፣ ፖምፓው ራሱ ይገፋዋል። ፍሬን ረግጠህ ማርሹን በሁሉም ቦታ አዙር፣ ፒ ላይ መልስ። ሞተር አጥፍተህ ታችን እይ፣ ካላፈሰሰ ቀጥል።

ትክክለኛው ልኬት የሚወሰደው ዘይቱ ሲሞቅ ነው። 10 ወይም 15 ኪሎ ሜትር ንዳ፣ ሜዳ ላይ አቁም፣ በቶዮታ ከሆነ ሞተሩ እየሠራ ማርሹ ፒ ላይ ሆኖ ለካ። መለኪያው ላይ ሁለት ክልል አለ፣ የቀዝቃዛና የሙቅ። በሙቁ ክልል ውስጥ መሆን አለበት። እንደ ሆንዳ ያሉት ሞተር ጠፍቶ ነው የሚለኩት፣ የመኪናህን መጽሐፍ እይ። ካነሰ በትንሽ በትንሹ ጨምር፣ የሩብ ሊትር ያህል። ካለፈም ችግር ነው፤ የበዛ ዘይት ይመታና አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ፍሪሲዮኑን አያሠራም።

መኪናህ የካምቢዮ ዘይት መለኪያ ጭራሽ ከሌለው (አዳዲሶቹ የላቸውም) ዘይቱ የሚለካው በተወሰነ ሙቀት ከሥር በሚከፈት ቡሎን ነው። ያንን መሣሪያው ላለው ሰው ተው።

12. ድጋሚ ፈትሽ። ከሙከራው በኋላ ንጹሕ ካርቶን አንጥፈህ አሳድር። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ፋሼታዎቹን እንደገና እይ፤ አዲስ ጎማ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ትንሽ ይቀመጣል፣ ፋሼታውም ይላላል።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ከመነዳሪ ቆርጦ መጠምጠም። ናስትሮ መጠምጠም። ሲሊኮን መቀባት። ሦስቱም ትኩስ ዘይትና ግፊት አይችሉም፣ ከዚህ የባሰው ደግሞ የሚያፈስበትን ቦታ ይሸፍኑብሃል።

ማፍሰስ ያቆማል ተብሎ የሚሸጥ ፈሳሽ ዘይቱ ውስጥ መጨመር። የተሰነጠቀ የውጭ ቱቦን አይደፍንም።

ጎማውን ቀይሮ አሮጌውን ፋሼታ መመለስ። ጥርሱ አልቋል፣ አይይዝም።

ዘይቱን ሳይለኩ «ትንሽ ነው የፈሰሰው» ብሎ መሄድ። መለኪያውን ለማውጣት አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

መንገድ ላይ ከጀመረህስ?

ብዙ ጊዜ የሚደወልልኝ ከአባይ በረሃ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን ሲወጣ ኦቶማቲክ መኪና ከምንም በላይ የሚሞቀው እዚያ ነው፣ ደካማ ጎማም የሚለቀው እዚያ ነው።

ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልሄደ ወይም ከሥር ጭስ ከታየህ ጋዝ አትጨምር። ዳር ይዘህ አቁም፣ አጥፋ፣ ታኮ አድርግ። ፋሼታ ብቻ ከላላ ሲቀዘቅዝ አጥብቀህ፣ ዘይት ሞልተህ፣ በየ10 ኪሎ ሜትሩ እየቆምክ እያየህ መሄድ ትችላለህ። ስለዚህ በረሃውን የምትሻገር ከሆነ 2 ሊትር የካምቢዮ ዘይት፣ ሁለት ፋሼታና ግማሽ ሜትር ትክክለኛ ጎማ መኪናው ውስጥ ይኑር።

አንዳንዱ ወጪና ተመላሹን ቱቦ አንድ ላይ አገናኝቶ ራዲያተሩን ያልፈዋል። ዘይቱ አይፈስም፣ ግን አይቀዘቅዝምም። ሜዳ ላይ በዝግታ ጥቂት ኪሎ ሜትር እስከ ቅርቡ ከተማ ቢያደርስህ ነው። ከበረሃው ግን በዚህ አትውጣ።

ገመድ አስረህም አታስጎትተው። ሞተሩ ሲጠፋ የካምቢዮው ፖምፓም ስለሚቆም የመኪናው እግር ሲዞር ካምቢዮው ያለ ዘይት ይፋጫል። የጭነት መኪና ላይ ይጫን። ስትደውልልኝም ፎቶውን አስቀድመህ ላክ፣ ከላይ ከራዲያተሩ በኩል አንድ፣ ከሥር አንድ፣ የመለኪያው ዘንግ በነጭ ወረቀት ላይ አንድ።